መዝገብ የሌለው ባንድ

የድሮ ካሴት ሽፋን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ቤት አንድ መሳቢያ ሙሉ አለ። አባቴ መርካቶ ሱቅ ይሠራ በነበረበት ዘመን ለመስቀል ወደ አገና ሲመጣ አንድ ሁለት ካሴት ሳይዝ አይመጣም ነበር። ቴፑ ከተበላሸ ቆየ፤ ካሴቶቹ ግን አሉ። ከፊት የዘፋኙ ፎቶ ነው፤ ጸጉሩ ጎፍሮ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶ፣ ስሙ በትልቁ ተጽፎ። ከዚያ ከታች ወይም ከጎን፣ ዓይን በሚያስጨንቅ ፊደል «ሮሃ ባንድ» ወይም «ዋልያስ ባንድ» ይላል። በቃ። ቤዙን ማን እንደመታው፣ ሳክስፎኑን ማን እንደነፋው፣ ዘንድሮ የነበረው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ካሴት ላይ ይኑር አይኑር፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም የለም። ታናሽ እህቴ «ሮሃ» የአንድ ሰውዬ ስም ይመስላት ነበር። አልፈርድባትም።

አባላቱ ተቀይረው ስሙ የቀጠለ ባንድ ያው ባንድ ነው ወይ? ይህ ጥያቄ ለብዙ ሰው የጨዋታ ጥያቄ ነው፤ ቡና ላይ ይነሳል፣ ቡና ሲያልቅ ያልቃል። ለኔ ግን ባለፉት ሁለት ዓመታት የእንጀራም የጓደኝነትም ጥያቄ ሆኖብኛል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ፈረንጆቹ በዚህ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ቆይተዋል። የእንግሊዞቹ ሹገቤብስ በ1998 እ.ኤ.አ. በሦስት ልጃገረዶች ተመሠረተ። አንዷ በ2001 ወጣች፣ ሁለተኛዋ በ2005፣ ሦስተኛዋ በ2009። በወጣችው ምትክ ሁልጊዜ ሌላ ትገባለች፤ በመጨረሻ ከመሥራቾቹ አንዷም የሌለችበት ሹገቤብስ መድረክ ላይ ቆመ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እንደገና ሲሰባሰቡ ደግሞ ስማቸው በሌሎች እጅ ስለነበር በየስማቸው የመጀመሪያ ፊደል «ኤም ኬ ኤስ» ተብለው ወጡ። የገዛ ስማቸውን መልሰው ያገኙት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የፖርቶ ሪኮው ሜኑዶ ደግሞ ነገሩን ገና ከጅምሩ ሕግ አድርጎታል፤ ልጅ ሆነህ ትገባለህ፣ ስታድግ ትወጣለህ፣ ወንበርህን ሌላ ልጅ ይይዛል። ሪኪ ማርቲን በ1984 በዚያ በር ገብቶ በዚያው በር የወጣ ነው።

እዚያ አድናቂው እያንዳንዱን ፊት በስሙ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ፊት ሲጎድል ይጮኻል፣ ትኬት አልገዛም ይላል፣ ያለቅሳል። እኛ ጋ ፊቱ የዘፋኙ ብቻ ነበር። ከኋላ ሰው ሲለወጥ ማንም አልጮኸም፤ ማንም ስላላየ። በኛ ዘመን ጃኖ ባንድ በ2012 እ.ኤ.አ. «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ብዙዎቻችንን ያስገረመን አንዱ ነገር ይኸው ነበር፤ በአልበሙ ላይ ያለው ስም የአንድ ዘፋኝ ሳይሆን የባንዱ ነው።

እኔ ከኋላ ከሚቆሙት አንዱ ነኝ። ያውም ተተኪ።

አገናን ለማታውቁ፣ በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ ከተማ ናት። ሌሊቷ ይበርዳል፤ ድንኳን ውስጥ ኪቦርድ ለሚጫወት ሰው ጣት ብርዱ ቀልድ አይደለም። እዚህ «ባንድ» ስል ሰፊ መድረክና የመብራት ትርኢት እንዳታስቡ። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ከበሮ፣ ሁለት ዘፋኝ፣ ድምጹን የሚያስተካክል አንድ ልጅ፣ ሁለት ሞንታርቦ። ይኸው ነው። ጥርና ሚያዝያ ሰርግ እንሠራለን። መስከረም ላይ ከአዲስ አበባ የመጣው ሕዝብ ክትፎውን በልቶ ሲያበቃ መጨፈሪያ ይፈልጋል፤ ያኔ እኛ አለን።

የኛን ባንድ የሚያፈርሰውና የሚያኖረው አንድ ነገር ነው፤ መንገዱ። እዚህ ልጅ ሲደርስ ወደ አዲስ አበባ ይሸኛል። መርካቶ አጎት አለ፣ አጎት ሱቅ አለው። እናም የልጁ ጣት ገና ሲፈታ፣ ድምጹ ገና ሲጠራ፣ ሻንጣውን ይይዛል። በዚያው መንገድ ደግሞ ለመስቀል ኪሱን ሞልቶ ይመለሳል፤ ግንባራችን ላይ ብር የሚለጥፈው እሱ ነው። ስለዚህ መንገዱን መርገም አልችልም።

ባንዱን የመሠረቱት አምስት ልጆች ናቸው። ከአምስቱ ዛሬ አገና የቀረ አንድም የለም። መጀመሪያ የሄደው ኪቦርዲስቱ ነበር፤ ከሄደ ስድስት ዓመት ሆነው። እኔ የገባሁት በሱ ቦታ ነው። ከመሄዱ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል ማታ ማታ አስተምሮኛል። እኔ ትዝታና ባቲ በቸርች ኪቦርድ ለብቻዬ ለማምጃለሁ ብዬ ትንሽ ኩራት ነበረኝ። እሱ ግን ከዘፈን አልጀመረም። «መጀመሪያ ሰዉን እየው» አለኝ። «የሚጨፍረው ሰው እግር ሲከብደው ምቱን ዝቅ አድርግ። እናቶች ሲነሱ ደግሞ አትፍጠን። ሙሽራዋ ስትገባ ዘፋኙን አትመልከት፤ እሷን ተመልከት።» ይህ የትም ኖታ ላይ አይጻፍም።

አንድ ነገር ደግሞ ትቶልኝ ሄደ። ከፋብሪካ የሚመጣው የኪቦርድ ምት ለኛ ጭፈራ አይሆንም፤ ይፈጥናል ግን አይዘልም። እሱ የጉራግኛውን ምት ራሱ ሠርቶ፣ ከበሮውን ከጭብጨባው ለይቶ፣ ሰው ትንፋሽ የሚወስድባትን ቦታ ሳይቀር አስተካክሎ፣ ኪቦርዱ ውስጥ በስሙ አስቀምጦታል። ቁልፏን ስትጫን ትንሿ ስክሪን ላይ የስሙ አራት ፊደል ብቅ ይላል። በየሰርጉ መጀመሪያ የምጫነው ስሙን ነው። ሰርገኛው አያየውም። የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ጭፈራው ሲያበቃ ወደኔ መጡ። «አንተ የዚያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ አይደለህም? ዘንድሮ እኮ ተሻሽለሃል!» አሉኝ። እሱ መስያቸው ነው። «አዎ አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እጃቸውን ሳምኩ። ምን ልበል?

ተተኪ መሆን የሚያሳንስ ነገር እንዳልሆነ ከማን ተማርክ ብትሉኝ፣ ከማህሙድ አህመድ እላለሁ። ማህሙድ በ1941 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለደ፣ መርካቶ ያደገ የጉራጌ ልጅ ነው። ጫማ ጠርጓል። በኋላ አሪዞና በሚባል የምሽት ክለብ ያገኘውን ሥራ ሁሉ ይሠራ ነበር። የክብር ዘበኛ ባንድ ሙዚቀኞች ደግሞ ወደዚያ ክለብ ያዘወትሩ ነበር። እንደሚተረከው በ1962 እ.ኤ.አ. አንድ ምሽት መዝፈን የነበረበት ዘፋኝ ሳይመጣ ቀረ። ማህሙድ «እኔ ልሞክር» አለ። ሞከረ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ክብር ዘበኛ ገባ፤ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. እዚያው ቆየ።

ሥራው የተጀመረው እንግዲህ በሌላ ሰው ባዶ ቦታ ላይ ነው። ያን ምሽት ዘፋኙ በሰዓቱ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚሆን ማን ያውቃል።

ክብር ዘበኛ ራሱ ምን ዓይነት ባንድ እንደነበረ እዚህ ላይ ማየት ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤት ባንድ ነበር፤ የፖሊስ እንዳለ፣ የምድር ጦር እንዳለ፣ ክብር ዘበኛም አለ። ሙዚቀኛው ወታደር ነው። ይቀጠራል፣ ይዛወራል፣ ጡረታ ይወጣል፤ ሲከፋም ይታሰራል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ሲከሽፍባቸው ጥላሁን ገሠሠን የመሰለ ዘፋኝ ሳይቀር እስር ቤት ገብቷል። ባንዱ ግን አልፈረሰም። ማህሙድ የገባው ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የተቋም ባንድ ጥንካሬው ይህ ነው፤ ወንበሩ የተቀማጩ አይደለም። ድክመቱም ይኸው ነው። በ1974 ንጉሡ ሲወርዱና ተቋሙ ሲፈርስ ወንበሩም አብሮ ሄደ፤ ሰው ቢኖርም የሚቀመጥበት ጠፋ።

ከተቋም ውጭ የነበሩት ባንዶች ሌላ ዓይነት ነበሩ። ጥያቄዬን ከሁሉም በላይ የሚመልሱልኝ ሁለት ባንዶች ናቸው፤ የሚገርመው ደግሞ ሁለቱም የአንድ እንስሳ ስም ይዘዋል። አንዱ ዋልያስ ነው። ሌላው አይቤክስ፤ እሱም በእንግሊዝኛ ያው ዋልያ ማለት ነው።

አይቤክስ ማህሙድ በ1975 እ.ኤ.አ. «እረ መላ መላ»ን የሠራበት ባንድ ነው። በ1986 አንድ የቤልጅየም አሳታሚ በዚያው ርዕስ የማህሙድን ዘፈኖች በሸክላ ሲያወጣ የውጭው ዓለም ጆሮ ደረሰ። አይቤክስ በኋላ ሮሃ ሆነ። ስሙ ተቀየረ፣ ዋነኞቹ ግን ተሻገሩ፤ ቤዙን የሚጫወተው ጆቫኒ ሪኮና ጊታሪስቱ ሰላም ስዩም እዚያም እዚህም አሉ። ሌሎች ከሌላ ባንድ መጡ፤ ኪቦርዲስቱ ዳዊት ይፍሩ ለምሳሌ ከዳህላክ ባንድ ነው። ሮሃ በካሴት ዘመን ከጥላሁን ኋላ ቆመ፣ ከማህሙድ ኋላ፣ ከኤፍሬም ታምሩ ኋላ፣ ከነዋይ ደበበ ኋላ። ያባቴ መሳቢያ ግማሹ እነሱ ናቸው ብል አላጋነንኩም።

ዋልያስ ተቃራኒው ነው። የሂልተኑ ባንድ። ደርግ ሰዓት እላፊ ባወጀበት ዘመን ወደ ቤቱ መመለስ ያልቻለ ሰው እዚያው አድሮ ይጨፍር፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወት ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. «ቼ በለው» የተባለውን ያለ ዘፋኝ በሙዚቃ ብቻ የተሠራ አልበም አወጡ፤ «ሙዚቃዊ ስልት» ያለው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ማንም ያገኘዋል። በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ማህሙድና ጌታቸው ካሳም አብረው ነበሩ። ጉዞው ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ሌሎቹ ተመለሱ። የቀሩት አዲስ ስም አወጡ፤ ዙላ ባንድ አሉት። ከተመለሱት መካከል ጥሩምባ ነፊው ዮሐንስ ተኮላና ድራመሩ ተማረ ሐረጉ አዲስ አበባ ውስጥ የዋልያስን ስም ይዘው፣ በጎደለው ሰው ሌላ እየተኩ፣ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ዘለቁ።

እንግዲህ ፍረዱ። አይቤክስ ሰዎቹን ይዞ ስሙን ለወጠ። ዋልያስ ስሙን ይዞ ሰዎቹን ለወጠ። የቱ ነው «የቀጠለው»?

ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ እንደ ታሪክ ብቻ ነበር የማስበው። ባለፈው ጥር በራሴ ላይ ደረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞው ኪቦርዲስታችን አዲስ አበባ ሱቁን እየሠራ፣ ከኛው ከወጡ ሁለት ልጆች ጋር እንደገና ተገናኝቶ በትርፍ ጊዜያቸው ሰርግ መሥራት ጀምረዋል። የተጠቀሙት ስም የባንዱን ስም ነው። ለምን አይጠቀሙ? ያወጡት እነሱ ናቸው። እኛም አገና ላይ በዚያው ስም እንሠራለን። ለምን አንሠራ? ሰው የሚያውቀን በሱ ነው። ማንም ለማንም አልደወለም።

ከከተማ ትንሽ ወጣ ባለ ቀበሌ አንድ ሰርግ ነበር። የሙሽራዋ ቤተሰብ እኛን አናገረ፤ ቀብድም ሰጠ። የሙሽራው ወንድም ደግሞ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። እሱም ቤተሰቡን ሳያማክር ባንዱን በስልክ ተነጋግሮ ቀብድ ከፈለ። እሱ የከፈለው ለነሱ፣ እነዚህ የከፈሉት ለኛ። ጠዋት ሞንታርቧችንን እያወረድን ሳለ አንድ ሚኒባስ ግቢው በር ላይ ቆመ። ከላዩ ሁለት ሞንታርቦ ታስሯል።

ለአፍታ ማንም አልተናገረም። ከዚያ የሙሽራው አጎት ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ባንዱ ወለደ እንዴ?» አለ።

እኛ ግን አልሳቅንም። የነሱ ዘፋኝ «ስሙ የኛ ነው» አለ። የኛዋ ዘፋኝ «ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ብርድ ስሙን ያቆየነው እኛ ነን፤ እናንተማ ትታችሁት ሄዳችሁ» አለችው። ድምጽ ከፍ ከፍ አለ። እኔና የቀድሞው ኪቦርዲስት ብቻ ዝም አልን። ሰላም ተባባልን፣ ተቃቀፍን፣ ከዚያ ምን እንደምንባባል ጠፋን።

ሰርግ ቤት ጸብ አያድርም። የሙሽራዋ አባት «ከምሳ በፊት እነዚህ፣ ከምሳ በኋላ እነዚያ፣ ሌላው ነገ በሽማግሌ» ብለው ጨረሱት። እጣ ወጣና መጀመሪያ እኛ ደረሰን። ከምሳ በኋላ የነሱ ተራ ሲሆን አዲሱ ኪቦርዳቸው ኮረንቲው ስላልተስማማው እምቢ አለ። ለማንም ሳይናገር ወደኛው ዞሮ ተቀመጠ። ቁልፏን ተጫነ። ስክሪኑን አየው። ቀና ብሎ አየኝ።

«እስካሁን አላጠፋኸውም?» አለኝ።

«ምን በወጣኝ» አልኩት።

መጫወት ጀመረ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግን ፊቱ ተለወጠ። ምቱ እሱ የተወው አልነበረም። በስድስት ዓመት ውስጥ እኔ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ነካክቼዋለሁ፤ ጭብጨባውን ትንሽ አዘግይቻለሁ፣ ከበሮው ላይ አንዲት ምት ጨምሬያለሁ፤ ሁሉንም ግን በሱ ስም ነው መልሼ ያስቀመጥኩት። የኔን ስም አልጻፍኩም። ጨዋታውን ሲጨርስ ወደኔ ዘንበል ብሎ «ያቺን ምት ማን አስገባት?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። «ጥሩ ናት» አለ። ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ የማስታውሰው ይህን ነው።

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት ተቀመጥን። ቡና ተፈላ። እኔ ስለ ስምና ስለ መሥራችነት ትልቅ ክርክር ይሆናል ብዬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ስለ ስም አልጠየቁም። መጀመሪያ የጠየቁት «ዕቃው በማን ገንዘብ ተገዛ?» ብለው ነው። አምስቱ መሥራቾች እቁብ ጥለው ነው የገዙት። «የወጡት ድርሻቸውን ተቀብለዋል?» አልተቀበሉም። «የገቡት አዋጥተዋል?» አዎ፣ ለሞንታርቦውና ለጥገናው። «ስንት?» እዚህ ላይ እያንዳንዳችን የተለያየ ቁጥር ተናገርን።

ከሦስቱ አንዱ በሰፈሩ እድር ለረጅም ዓመት ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ሲኒያቸውን አስቀምጠው «መዝገብ የላችሁም?» አሉ።

ተያየን።

«ማን መቼ ገባ፣ ምን አዋጣ፣ መቼ ወጣ፣ በማን ተተካ፤ አልጻፋችሁም?»

«አባባ፣ እኛ እኮ ባንድ ነን» አለ አንዱ ልጅ። እንደ ሰበብ።

ያን ቀን ማታ ስለ እድር ሳስብ አደርኩ። አያቴ የነበሩበት እድር ዛሬም አለ። ከመሥራቾቹ አንድ ሰው በሕይወት የለም። ድንኳኑ ተቀይሯል፣ ድስቱ ተቀይሯል፣ ጡሩንባ ነፊው ተቀይሯል፣ ሕጉ ራሱ ስንት ጊዜ ተሻሽሏል። ግን «ይህ ያው እድር ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ማንም አይጠይቅም። ምክንያቱም መዝገብ አለ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሞቱት ሰዎች ስም አለ፤ ከጎኑ የተካው ልጅ ስም። የወጣው ሰው ሲወጣ ታውቋል፣ የገባውም ሲገባ ታውቋል። መተካቱ አልተደበቀም፤ ተጽፏል። ስሙ ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ ማንም የተሰረቀ አልመሰለውም።

ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ባንድ ሰው በመቀየሩ አይሞትም፤ ሰው መቀየሩ ሲደበቅ ግን የሆነ ሰው ይጠፋል። ሹገቤብስ ላይ አድናቂውን ያስቆጣው አዲሶቹ ልጆች መዝፈን ስላልቻሉ አይመስለኝም። ምንም እንዳልተፈጠረ መቀጠሉ ነው። ሜኑዶ ላይ ያን ያህል ያልተቆጡት ደግሞ ሕጉ በግልጽ ስለተነገራቸው ነው፤ መውጣት የሥራው አንድ ክፍል ነበር። የኛዎቹ ባንዶች ላይ የደረሰው ከሁለቱም የከፋ ነው። ተቆጪም አልነበረም፤ ማን እንደወጣ የሚያውቅ ስላልነበረ።

የዋልያስን ነገር እንደገና ልመልከተው። አሜሪካ የቀሩት ላይ ምን እንደደረሰ ዛሬ ብዙ ሰው ያውቃል። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ሲነዳ ኖረ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ በ2013 እንደገና ሲያወጣው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ሠራ። ግርማ በየነ ሙዚቃን ትቶ ነዳጅ ማደያ ሠርቷል፤ በ2017 አካሌ ውቤ ከተባሉ የፈረንሳይ ሙዚቀኞች ጋር አዲስ አልበም አወጣ። ፈረንሳዮች፣ ባማርኛ ስም፣ የኛን የድሮ ሙዚቃ። እነሱም በሌላ መልኩ ተተኪ ናቸው። ደስ ይለኛል። ይህ ሁሉ የሆነው ግን አንድ ሰው ስለጻፈ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ «ኤትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ የድሮ ዘፈኖችን ሲያወጣ ከሲዲው ጋር ታሪክና የሙዚቀኞች ስም አብሮ አሳተመ። መዝገቡ ከውጭ መጣልን።

እኔን የሚያሳስበኝ የተመለሱት ናቸው። ስሙን ይዘው አዲስ አበባ የቆዩት፣ የጎደለውን ወንበር በሌላ ልጅ የሞሉት፣ በዚያ ክፉ ዘመን ሙዚቃው እንዳይቋረጥ ያደረጉት። የዮሐንስ ተኮላና የተማረ ሐረጉ ስም ኃይሉን ያህል አይነሳም። በነሱ ሥር ገብተው የተጫወቱት ተተኪዎች ስምማ ከነጭራሹ አይነሳም። የሄደ ሰው ታሪክ አለው፤ መለየት አለ፣ ናፍቆት አለ፣ መመለስ አለ። የቀጠለ ሰው ግን ምን ታሪክ አለው? በየምሽቱ መጥቶ ይጫወታል። ይህን ለመናገር ደስ የሚል መንገድ የለም። ስለዚህ አይነገርም።

የኛ ጉዳይ በሦስት ቀን አለቀ። ሽማግሌዎቹ ስሙን ለሁለታችንም ሰጡት፤ እነሱ ከስሙ ኋላ «አዲስ አበባ» ብለው ይጨምራሉ፣ እኛ ስሙን ብቻ እንይዛለን። አገና ላይ የሚገኝ ሥራ ለኛ፣ አዲስ አበባ የሚገኝ ለነሱ፤ ስልክ ሳይደዋወሉ ቀብድ መቀበል የለም። የኪቦርዱን ድርሻ የወጡት ልጆች ማሩን። ለማረጋገጫ ተጨባበጥን። አንድ ነገር ብቻ በግዴታ ተጣለብን፤ ደብተር ገዝተን መጻፍ።

ደብተሩን ከወልቂጤ ገዛሁ፤ ባለ ጠንካራ ሽፋን፣ የእድር መዝገብ የሚመስለውን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአምስቱን ስም ጻፍኩ። ቀን ስንፈልግ ብዙ ጭቅጭቅ ነበር፤ አንዱ ማን ከማን በፊት እንደሄደ ሌላው ይክዳል። በስልክ፣ በቴሌግራም፣ አንዷ ቀድማን የነበረች ዘፋኝ ከቤይሩት በድምጽ መልእክት አረጋገጠችልን። እኛ ጋ አንድ ሰሞን ብቻ ከበሮ መትቶ የሄደ ልጅ ነበር፤ ስሙን ማንም አላስታወሰውም ነበር። ሁለት ሳምንት ፈጅቶ ተገኘ። ሲደወልለት «እኔንም ጻፋችሁኝ?» አለ፤ ከዚያ ድምጹ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን ሌላ አላወቅንም።

አሁን ተራው የኔ ነው። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከሚያዝያው ሰርግ በኋላ እሄዳለሁ። በኔ ቦታ የምትገባው የ17 ዓመት ልጅ ናት። ማታ ማታ እያስተማርኳት ነው። ጣቷ ከኔ ይፈጥናል፤ የማስተምራት ጣት አይደለም። «መጀመሪያ ሰዉን እዪው» እላታለሁ። «እናቶች ሲነሱ አትፍጠኚ።» እያልኩ ስሰማው የማን ድምጽ እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ምቱን እንዳልወደደችው ነገረችኝ። «ጋሼ፣ ጭብጨባው ይዘገያል እኮ» አለችኝ። የዘገየው የኔው ጭብጨባ ነው። አስተካክይው አልኳት። ሰዓት ሙሉ ነካካችው። ማስቀመጥ ስትጀምር ኪቦርዱ ስም ጠየቃት። ጣቷ ቆመ።

«በሱው ስም ላድርገው?»

ኪቦርዱ ባዶ ቦታ አለው። አዲስ ክፈቺ፣ የራስሽን ስም ጻፊ፣ የሱንም አትንኪው አልኳት። ጻፈች። አሁን ስክሪኑ ላይ ሁለት ስም አለ። የኔ የለም፤ እኔ በሱ ውስጥ ነኝ፣ ደብተሩ ደግሞ ይህን ይናገራል። ሥራዋ የሚጀምርበትን ቀን ልጽፍ ደብተሩን ስከፍት አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«እኔ የቱ መስመር ላይ ነኝ?»

አሳየኋት። ከስሜ ቀጥሎ፣ «የተካችው» ከሚለው አጠገብ። ገጹ ላይ ገና ብዙ ባዶ መስመር አለ።